ለማሸነፍ ሲባል የተነገረ ቃል

ልጆቼ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒሶታም፣ በሌላውም የአሜሪካ ከተማ ዜግነት አግኝታችሁ ድምፅ መስጠት የጀመራችሁ ብዙ ናችሁ። ከዚያም አልፋችሁ ለአንዱ ተወዳዳሪ በር እያንኳኳችሁ ወረቀት የምታድሉ አላችሁ። የምትኖሩበትን አገር ጉዳይ የራሳችሁ ማድረጋችሁ ያስመሰግናችኋል። እኔ ለእገሌ ድምፅ ስጡ ልል አልመጣሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ የዚያ አገር ሰዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ምርጫን በምን በምን ዘዴ እንዳሸነፉ፣ ያሸነፉበትም ዘዴ በኋላ ምን እንዳስከፈላቸው ላወጋችሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ብዙ ሰው ቅስቀሳ በምርጫው ቀን ማታ የሚያበቃ ይመስለዋል። ድምፁ ተቆጥሮ፣ ያሸነፈው ጨፍሮ፣ የተሸነፈው ወደ ቤቱ ገብቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን የዚያን ዘመን ታሪክ ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የምደርስበት ሌላ ነገር ነው፤ ለማሸነፍ ሲባል የተነገረው ቃል ከአሸናፊው ጋር አብሮ ቤተ መንግሥት ይገባል። አብሮት ይቀመጣል፣ አብሮት ይፈርዳል፣ አንዳንዴም እሱ ከሞተ በኋላ ይኖራል።

በ1824 አራት ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ከሁሉም የበለጠ ድምፅ አገኘ። በአገሩ ሕግ ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙት በየክፍለ ግዛቱ የሚወከሉ መራጮች ናቸውና፣ ከእነሱም 99 ያዘ፤ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደግሞ 84 ነበረው። ሆኖም ማንም ከግማሽ አላለፈምና ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሄንሪ ክሌይ ነበር፤ እሱ ራሱ አራተኛ ሆኖ የወደቀ ተወዳዳሪ። ክሌይ አዳምስን ደገፈ፣ አዳምስ ተመረጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። በሹመቱ ላይ አስቀድመው ተዋውለው እንደነበር የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። ሕዝቡ ግን በዓይኑ ያየውን አየ። አዳምስ የተማረ፣ ሠራተኛ፣ እጁ ንጹሕ ሰው ነበር። ያን ጊዜ አጠገቡ የሚመክረው ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ፣ «ያንን ወንበር ለሌላ ስጠው፤ ንጹሕ መሆን ብቻ አይበቃም፣ ንጹሕ መስሎ መታየትም ለሕዝብ የሚከፈል ዕዳ ነው» ይለው ነበር። የሚመክረው አላገኘም፣ ወይም አልሰማም።

የጃክሰን ሰዎች ተዘረፍን ብለው አራት ዓመት ሙሉ ተዘጋጁ። ከሁሉ ብልሁ የኒው ዮርኩ ማርቲን ቫን ቢዩረን ነበር። የሰሜኑንና የደቡቡን ሰው በአንድ ፓርቲ አሰባሰበ፣ ጋዜጦችን አስተባበረ፣ በየከተማው ኮሚቴ አቋቋመ። ጄኔራሉ በወታደሮቹ ዘንድ በጠንካራ የእንጨት ስም ይጠራ ነበርና፣ ደጋፊዎቹ የዚያን ዛፍ ግንድ በየአደባባዩ አቆሙ። እስከዚህ ያለው መልካም ነው፤ ሕዝብን ማደራጀት ነውር የለበትም።

በ1828 ግን ከሁለቱም ወገን ጭቃ መወራወር መጣ። የአዳምስ ደጋፊዎች ጃክሰን ያስገደላቸውን ስድስት ሚሊሺያዎች ለማስታወስ ጥቁር የሬሳ ሣጥን የተሳለበት በራሪ ወረቀት በተኑ። የጃክሰን ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ አዳምስ በሩሲያ መልእክተኛ ሳለ ለንጉሡ ሴት አቀረበ ብለው ያልነበረ ነገር አወሩ። ከሁሉ የከፋው ግን በጃክሰን ሚስት በሬቸል ላይ የተደረገው ነው። ሬቸል በወጣትነቷ መጥፎ ባል አግብታ ተለይታው ነበር። በ1791 ገደማ ከጃክሰን ጋር ስትጋባ ፊተኛው ጋብቻ ፈርሷል ብለው ሁለቱም ያምኑ ነበር፤ ፍቺው የጸናው ግን በ1793 ሆኖ ተገኘ። ነገሩን ባወቁ ጊዜ በ1794 መጀመሪያ ላይ እንደገና ሥርዓቱን ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በፍቅርና በጸሎት አብረው ኖሩ። እንግዲህ ይህንን ያረጀ ነገር ነው ከተቀበረበት አውጥተው፣ በጋዜጣ አትመው፣ አንዲት ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሃይማኖተኛ ሴት አመንዝራ ናት ብለው በአገሩ ሁሉ የናኙት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላል ያገራችን ሰው፤ የራስ ቁስል ያልሆነ ነገር እንዴት እንደማያም ለማሳየት ነው።

ጃክሰን በ178 ለ83 አሸነፈ። ሬቸል በልብ ሕመም ታኅሣሥ 22 ቀን 1828 ሞተች፤ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ቴኔሲ ውስጥ በሚኖሩበት እርሻ፣ በራሷ የአትክልት ቦታ ተቀበረች። ባልዋ ቤተ መንግሥት የገባው ለብቻው ነው። የገደሏት ስም አጥፊዎቿ ናቸው ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ አመነ። አዳምስና ጃክሰን ሳይጠያየቁ ተለያዩ፤ አዳምስ በተተኪው በዓለ ሲመት ላይ አልተገኘም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የጃክሰን የጦር ሚኒስትር ጆን ኢተን ሚስትም ስሟ በሐሜት የተነሣ ነበርና፣ የሌሎቹ ሚኒስትሮች ሚስቶች ቤቷን አንረግጥም፣ ከሷ ጋር በአንድ ማዕድ አንቀመጥም አሉ። ጃክሰን በዚህች ወጣት ሴት ውስጥ ሬቸልን አየ። የአገሩ ካቢኔ ስለ አንዲት ሴት ንጽሕና እንዲነጋገር በ1829 መስከረም ስብሰባ ጠራ፤ ከተከራከሩት ሁሉ ጋር ተቆራረጠ። በ1831 ካቢኔው ከሞላ ጎደል በሙሉ ለቀቀ። ምክትሉ ጆን ካልሁን ተገፋ፣ ኢተኖቹን ያከበረው ቫን ቢዩረን ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። የምርጫው ስድብ በጋዜጣ ላይ ቀርቷል ያለ ሰው ይህንን ይመልከት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመንግሥቱን አሰላለፍ የለወጠው እሱው ነው።

ከዚያው ምርጫ ሌላም ነገር ተወልዷል። የደከሙ ደጋፊዎች ደመወዝ ይፈልጋሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እናንተም ሰምታችኋል። ተረት ሁሉ ምክር አይደለም፤ ይህኛው ነውራችንን የሚያሳይ እንጂ የምንከተለው አይደለም። የጃክሰን ወገን ግን ነውሩን መመሪያ አደረገው። የኒው ዮርኩ ሴናተር ዊሊያም ማርሲ በ1832 በሴኔቱ ቆሞ ምርኮ የድል አድራጊ ነው የሚል ንግግር አደረገ። ከዚያ ወዲህ ፓርቲ በተለወጠ ቁጥር ከፖስታ ቤት ኃላፊ እስከ ጉምሩክ ጸሐፊ ሹመቱ ለደጋፊ ይታደል ጀመር። የተሾመውም ከደመወዙ እየቆረጠ ለፓርቲው ይከፍላል፤ የተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ቅስቀሳ ይውላል። ይህ ነገር ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1880 ቻርልስ ጊቶ የሚባል አእምሮው የተዛባ ሰው፣ ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደረው ለጄምስ ጋርፊልድ አንድ ንግግር ጽፎ አሳትሞ ነበርና፣ ያሸነፈው በእኔ ነው ብሎ አመነ። በፓሪስ ቆንስል ልሁን ብሎ ደጅ ጠና፤ ሲነፍጉት ሐምሌ 2 ቀን 1881 በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንቱን በጥይት መታው። ጋርፊልድ ሲማቅቅ ከርሞ መስከረም 19 ቀን ሞተ። የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሆን፣ ከሠራተኛም መዋጮ በግድ እንዳይሰበሰብ የሚደነግገው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1883 ነው። ጊቶ እብድ ነበር። እብደቱን ግን ያለበሰችው አገሩ ራሷ ናት፤ ድምፅ ያመጣ ሹመት ይገባዋል ብላ ሃምሳ ዓመት ያስተማረችው እሷ ናትና።

አሁን ወደ 1840 ልመልሳችሁ። በቅስቀሳ ዘዴ በኩል ከዚህ ዓመት የሚበልጥ ትምህርት የለም።

በ1837 ታላቅ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ባንክ ተዘግቶ፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ሆኖ በሥልጣን ላይ ያለው ያው ቫን ቢዩረን ነው። ተቃዋሚዎቹ ዊጎች የሚባሉት፣ ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን የተባለ አረጋዊ ጄኔራል አቆሙ። በ1811 በቲፐካኑ ወንዝ አጠገብ ከአገሬው ሕንዶች ጋር ተዋግቶ ስም ያወጣ ሰው ነው። የቫን ቢዩረን ፓርቲ የዴሞክራቶች ወገን የሆነ አንድ የባልቲሞር ጋዜጣ፣ ለዚህ ሰውዬ ጡረታና አንድ በርሜል የፖም ጠላ ብትሰጡት በእንጨት ጎጆው ተቀምጦ ዕድሜውን ይጨርሳል ብሎ ተሳለቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ያን ጊዜ በአሜሪካ በእንጨት ጎጆ የሚኖረው፣ የፖም ጠላም የሚጠጣው ስንት ሕዝብ ነው! ስድቡ ጄኔራሉን አልፎ እያንዳንዱን ገበሬ መታ። ዊጎች ይህንን ወዲያው ያዙት። በየከተማው ጎጆ ሠሩ፣ በጋሪ ላይ ጎጆ ጭነው በሰልፍ ዞሩ፣ ጠላውን ቀዱ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ትልቅ ኳስ ከከተማ ከተማ እያንከባለሉ ዘፈኑ። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራቸውም በሰልፉ በብዛት ወጡ። ቻርልስ ኦግል የሚባል የፔንሲልቫኒያ እንደራሴ በምክር ቤት ተነሥቶ፣ ቫን ቢዩረን በወርቅ ማንኪያ ይበላል እያለ ሦስት ቀን ተናገረ።

እውነቱ ግን ምን ነበር? ቫን ቢዩረን የመንደር መሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ነው፤ ከታች ተነሥቶ የወጣ። ሃሪሰን ደግሞ ከቨርጂንያ ባላባቶች የተወለደ፣ አባቱ የአገሩን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ የሆነ፣ ኦሃዮ ውስጥም ሰፊ ቤትና መሬት ያለው ሰው ነው። ድሃውን ሀብታም፣ ሀብታሙን ድሃ አድርገው ሸጡት፤ ሕዝቡም ገዛ።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው፤ እሱም ዝምታ ነው። ዊጎች የአገሩ ብሔራዊ ባንክ እንደገና ይቋቋም የሚሉትንም አይቋቋም የሚሉትንም በአንድ ጥላ ሥር ሰብስበው ነበርና፣ የፓርቲ መርሐ ግብር ሳያወጡ ተወዳደሩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው አሰቡ። ተቃዋሚዎቻቸው ሃሪሰንን ዝምተኛው ጄኔራል እያሉ ቢዘልፉት በመጨረሻ በአደባባይ ወጥቶ ተናገረ፤ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስለ ራሱ በአደባባይ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል። ንግግሩ ግን ሁሉንም ደስ የሚያሰኝ፣ ማንንም የማያስቀይም ነበር። ከመራጩ ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ ሃሪሰን በ234 ለ60 አሸነፈ።

መጋቢት 4 ቀን 1841 በብርድ ቆሞ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ንግግር አደረገ። ልክ በወሩ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ሞተ። በቦታው የገባው ምክትሉ ጆን ታይለር ነው። ታይለርን ዊጎች ያቆሙት የደቡብ ድምፅ ያመጣልናል ብለው እንጂ በሐሳብ የነሱ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ድሮ ዴሞክራት የነበረ፣ ከጃክሰን ተጣልቶ የወጣ ሰው ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ዊጎች የባንክ ሕግ አወጡ፤ ታይለር ሻረው። አሻሽለው አመጡ፤ ደግሞ ሻረው። በመስከረም 1841 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከዳንኤል ዌብስተር በቀር ካቢኔው በሙሉ ለቀቀ፤ ፓርቲውም የራሱን ፕሬዚዳንት አባረረ። ታይለር እናንተ ካላችሁት ቃል ፈቀቅ አልሁ ወይ ቢላቸው ምን ይመልሱለት ነበር? ምንም አላሉም ነበርና። ሕዝብ ምን እንደ መረጠ ሳያውቅ እንዲመርጥ ያደረገ፣ ከድሉ በኋላ የሕዝብ ፈቃድ ይህ ነው ብሎ የሚያነሣው ማስረጃ የለውም። ከዚህ ሁሉ ዘዴ ውስጥ ለእኔ የሚከብደኝ ይህኛው ነው፤ ከውሸቱም ይልቅ።

ሄንሪ ክሌይ በ1844 እንደገና ቀረበ። የጊዜው ጥያቄ ቴክሳስን ወደ አገሩ መቀላቀል ነበር፤ ከቴክሳስ ጋር ባርነት ይስፋፋል ወይ የሚለውም አብሮ ይመጣል። ክሌይ በሚያዝያ እቃወማለሁ ብሎ ጻፈ። ደቡቦቹ ሲያኮርፉ፣ በበጋው ወደ አላባማ በላካቸው ደብዳቤዎች ቃሉን አለዘበው፤ ያለ ጦርነትና ያለ ውርደት ከሆነስ አልጠላም ዓይነት ነገር አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ደቡቡ አላመነውም፣ የሰሜኑ የባርነት ተቃዋሚ ደግሞ ተለየው። በኒው ዮርክ ጄምስ በርኒ የተባለው የጸረ ባርነት ዕጩ ከ15,000 በላይ ድምፅ ወሰደ፤ ክሌይ በዚያ ግዛት የተሸነፈው በ5,000 ገደማ ብቻ ነው። ኒው ዮርክን ቢይዝ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። ያሸነፈው ጄምስ ፖልክ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ገባ።

ስለ ስድብና ስለ ዝምታ ይህን ያህል ካልሁ፣ ስለ ደም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ባርነት ቀርቶ፣ በ1870 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት አገኙ። በደቡብ ያሉ ነጮች ይህንን በድምፅ መርታት ባልቻሉበት ቦታ በጠመንጃ ሊረቱ ተነሡ። በ1875 በሚሲሲፒ፣ በማግስቱ ዓመት በሳውዝ ካሮላይና፣ ማስፈራራት ራሱ የታቀደ የምርጫ ዘዴ ሆነ። ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ፈረሰኞች ጥቁሩ ሕዝብ የሚደግፋቸውን የሪፐብሊካኖችን ስብሰባ እየከበቡ ተናጋሪውን ያስወርዱ ነበር። በሐምሌ 1876 ሐምበርግ በምትባል የሳውዝ ካሮላይና ከተማ የተማረኩ ጥቁር ሚሊሺያዎች ተረሸኑ። የዚያ ዓመት ምርጫ ውጤት አጨቃጭቆ፣ 8 ለ7 በሆነ የኮሚሽን ውሳኔ ራዘርፎርድ ሄይዝ በ185 ለ184 ፕሬዚዳንት ተባለ። በ1877 የፌደራሉ ጦር ከደቡብ አስተዳደሮች ጥበቃ ተነሣ፤ ጥቁሩ ሕዝብም ለገዳዮቹ ተተወ። ያ በደል በሕግ የተገታው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው፤ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው ለእኛ ለአፍሪካውያንም በር የከፈተው። እናንተ ዛሬ ተሰልፋችሁ ድምፅ የምትሰጡበትን ሣጥን የከፈቱላችሁ፣ በዚያ ሣጥን ምክንያት የሞቱ ሰዎች ናቸው። ይህንን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ በቤታችሁ የጥቁር አሜሪካዊ ስም በንቀት ሲነሣ ዝም አትበሉ።

በ1884 የሆነው ሌላ ነው። ሪፐብሊካኑ ጄምስ ብሌን አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ግን ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ስለ ነበረው ጥቅም የጻፋቸው አሮጌ ደብዳቤዎች ወጡበት፤ ከአንዱም ግርጌ ይህን ደብዳቤ አቃጥለው የሚል ተጽፎበት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዴሞክራቱ ግሮቨር ክሊቭላንድ ደግሞ ሳያገባ ልጅ ወልዷል የሚል ወሬ በቡፋሎ ጋዜጣ ታተመበት። ወዳጆቹ ምን እንበል ብለው ቢጠይቁት እውነቱን ተናገሩ ብሎ ቴሌግራም ላከ። ለልጁ ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ተቀበለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ መራጩም ይህንን እንደ ድፍረት ቆጠረለት። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። ልጁ ከእናቱ ተወስዶ በሕፃናት ማሳደጊያ ገብቶ ነበር፤ እናቲቱም ለጊዜው በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘግቶባት ነበር። እሷ በመሐላ የሰጠችው ቃል ከሱ ቃል በእጅጉ የከፋ ነገር ይናገራል። እውነቱን ተናገሩ የተባሉት ሰዎች የሷን ስም ከማጉደፍ አልተመለሱም። ግማሽ እውነት የተሸከመ ድፍረት ሲሞገስ ስሰማ ልቤ አይረጋም።

ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 29 ቀን፣ ብሌን በኒው ዮርክ አንድ ሆቴል ከብዙ የፕሮቴስታንት ካህናት ጋር ተገናኘ። ከካህናቱ አንዱ ሳሙኤል በርቻርድ ሲናገሩ፣ ዴሞክራቶችን የመጠጥ፣ የካቶሊክና የአመፅ ወገን ብለው ፈረጁ። ብሌን አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አልሰማ ይሁን ሰምቶ ችላ ይበል፣ ምንም አላለም። የብሌን እናት ካቶሊክ ነበረች። በኒው ዮርክ የሚኖሩ አየርላንዳውያንን ድምፅ ለማግኘት ወራት የደከመ ሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የተቃዋሚዎቹ ጸሐፊ ቃሉን ይዞ ሮጠ፤ በሚቀጥለው እሑድ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወረቀቱ ታደለ። ያንኑ ዕለት ማታ ብሌን ከባለጠጎች ጋር እራት በልቶ ነበርና፣ በማግስቱ አንድ ጋዜጣ የብልጣሶርን ግብዣ አስመስሎ ሥዕሉን አወጣ። ከቀናት በኋላ ንግግሩ የእኔ አይደለም ቢልም፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ሆነ። ከ1,100,000 በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ኒው ዮርክ የተሸነፈው ከ1,200 ባነሰ ድምፅ ነው፤ ከኒው ዮርክ ጋርም ፕሬዚዳንትነቱን አጣ።

እናንተም ስብሰባ ትጠራላችሁ፤ ለሰው መድረክ ትሰጣላችሁ። ወዳጃችሁ በመድረካችሁ ላይ የሌላውን ሃይማኖት ወይም ዘር ሲዘልፍ፣ ያን ጊዜውኑ፣ በዚያው መድረክ ላይ «ይህ የእኛ ቃል አይደለም» በሉ። ማግስቱ ሩቅ ነው። ይህንን ቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር፤ በ1896 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ዊሊያም ማኪንሊ በኦሃዮ ካንተን ከቤቱ በረንዳ ሳይወርድ በባቡር የመጣ 750,000 ያህል ሰው ሲቀበል፣ የእያንዳንዱ ቡድን መሪ የሚናገረውን አስቀድሞ እንዲልክለት ያደርግ ነበር፤ አንብቦም ያርም ነበር። ተቃዋሚው ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን 18,000 ማይል ያህል ተጉዞ 600 የሚደርስ ንግግር ሲያደርግ፣ የማኪንሊ ሰው ማርክ ሃና ከባንኮችና ከኩባንያዎች እስከ 3,500,000 ዶላር ሰበሰበ። የጉምሩክ ጸሐፊው መዋጮ በ1883 ሲቀር፣ የገንዘቡ ምንጭ ወደ ባለጠጋው ዞሮ ነበርና። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው የሚከፈተው እንዲህ ነው።

ከእናንተ ወጣቶች አንዱ «አባባ፣ ጨዋው ተሸንፎ አስመሳዩ ካሸነፈ ምክርህ ለምን ይጠቅማል?» ቢለኝ አልቆጣም። ጎጆውና ጠላው አሸንፏል፤ ቀይ ሸሚዙም አሸንፏል። ይህንን መካድ ልጆችን ማታለል ነው። ስለዚህ ስለ አንድ የተሸነፈ ሰው ልንገራችሁና ላብቃ።

ስቲቨን ዳግላስ የኢሊኖይ ሴናተር ነበር። ጻድቅ አልነበረም። በ1858 ከአብርሃም ሊንከን ጋር በሰባት ከተማ ሲከራከር፣ የነጩን ፍርሃት እየቀሰቀሰ በጥቁሩ ሕዝብ ላይ የተናገረው ያሳፍራል። በ1860 ሁለቱ ለፕሬዚዳንትነት ተገናኙ። ሊንከን በጊዜው ወግ መሠረት በስፕሪንግፊልድ ቤቱ ተቀምጦ ንግግር አላደረገም፤ ደጋፊዎቹ ግን በወጣትነቱ ፈለጠው ያሉትን የአጥር እንጨት ተሸክመው፣ ሌሊት ችቦ አብርተው ይሰለፉለት ነበር። ዳግላስ ወጉን ጥሶ ራሱ እየዞረ ተናገረ። በጥቅምት የፔንሲልቫኒያና የኢንዲያና የአካባቢ ምርጫ ውጤት ሲሰማ ፕሬዚዳንትነቱ እንዳመለጠው ገባው። ያን ጊዜ ለራሱ ድምፅ መልቀሙን ተወና ወደ ደቡብ ሄደ። ሊንከን ቢመረጥም መገንጠል አይገባችሁም እያለ፣ በሚጠሉት ሰዎች መካከል፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ተናገረ። ውጤቱ የደረሰው አላባማ፣ ሞቢል ላይ ሳለ ነው፤ በሕዝብ ድምፅ ሁለተኛ ወጥቶ ከወኪል መራጮች ያገኘው 12 ብቻ ነበር።

ደቡቡ አልሰማውም፤ ጦርነቱ መጣ። በሚያዝያ 1861 ፎርት ሰምተር የተባለው የመንግሥት ምሽግ ሲደበደብ ዳግላስ ወደ ሊንከን ቤት ሄዶ ከጎንህ ነኝ አለው። ሊንከን 75,000 ወታደር ልጥራ ሲል፣ ዳግላስ እኔ ብሆን 200,000 እጠራ ነበር ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወደ ኢሊኖይ ተመልሶ፣ በስፕሪንግፊልድ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ፊት ቆመ፤ የራሱን ፓርቲ ሰዎች መንግሥታችሁን ደግፉ ብሎ ለመናቸው። የኢሊኖይ ደቡባዊ ክፍል በደምም በንግድም ለደቡቡ የቀረበ ነበር፤ ብዙ ዴሞክራቶች ወዲያና ወዲህ እያሉ ነበር። ዳግላስ ሰኔ 3 ቀን ቺካጎ ውስጥ ሞተ፤ ዕድሜው 48 ነበር። በዚያ በጋ ለሱ ድምፅ የሰጡ ብዙ የኢሊኖይ ሰዎች በሊንከን ጦር ውስጥ ተመዘገቡ።